ናይትሮጅን ለመለካት ካዛንቺስ የከረምኩባቸው ቀናት

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ አርባ ምንጭ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ፎቆቹ ይጠይቀኛል። ስለ ፎቆቹ የምነግራችሁ የለኝም። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ የእሱንም አራተኛ ወለል፤ ከአራተኛው ወለልም መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ አንድ ክፍል። የመምህራን ክበባችን ልጆች "የጉዞሽን ነገር ጻፊልን፣ ሰሌዳው ላይ እንለጥፈዋለን" ስላላችሁኝ ይኸው ጻፍኩ። ደስ የሚል ነገር አነባለሁ ብሎ የመጣ ግን እዚሁ ላይ ቢተወው ይሻላል።

ለማታውቁኝ፣ ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ፊደል ስቆጥር ከጎኔ የተቀመጡት ልጆች የወተት ጥርሳቸው ገና እየወለቀ ነበር። አሁን አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ኮሌጃችን ውስጥ የፊዚክስ ቤተ ሙከራውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ደግሞ በየክረምቱ እየሄድኩ ስማር አምስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሊያልቅ አንድ ፊርማ ብቻ ሲቀረው የመመረቂያ ጽሑፌ ተመልሶ መጣ። ፈታኙ በቀይ እስክሪብቶ ዳር ላይ እንዲህ ብሎበታል፦ "ተማሪዋ በልኬት ላይ ጥንቃቄ ይጎድላታል። ውጤቷ ከታወቀው በሲሶ ገደማ ይበልጣል። ልኬቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተደገመ ጽሑፉ ተቀባይነት የለውም።"

ጥንቃቄ ይጎድላታል! እኔን! ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግራችሁም።

ሥራው ምን እንደሆነ ካልነገርኳችሁ ንዴቴ አይገባችሁም። ናይትሮጅን፣ ማለትም የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ክፍል፣ መስኮት ባለው ትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ ይታመቃል። በመስኮቱ አረንጓዴ የሌዘር ብርሃን ይገባል። ብርሃኑ ሞለኪሎቹን አግኝቶ ሲበተን አብዛኛው ያው አረንጓዴ እንደሆነ ይወጣል፤ እጅግ ጥቂቱ ግን ከሚሽከረከሩት ሞለኪሎች ጋር ጉልበት ይሰጣጣና ቀለሙ በትንሹ ይለወጣል። ራማን የሚባለው ብርሃን ይህ ነው። መሣሪያው እሱን በቀለም በቀለሙ ሲዘረጋው ስክሪኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተራ በተራ ይቆማሉ። የመስመሮቹን ስፋት የሚወስነው ደግሞ ግጭት ነው። ክራር የሚመታ ሰው ቶሎ ይረዳኛል፤ አንዱን ክር መትቶ እንደልቡ እንዲጮህ ከተወው ድምፁ ጥርት ብሎ ይለያል፤ ገና ጮኸ ሳይል በጣቱ ካፈነው ግን የቱ ድምፅ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ሞለኪልም እንዲሁ ነው። ሳይነኩት ሲሽከረከር መስመሩ ቀጭን ነው፤ ጎረቤቶቹ እየገጩ ሽክርክሩን ሲያቋርጡበት መስመሩ ይሰፋል። ጋዙን ባመቅነው ቁጥር ግጭቱ ይበዛል፤ መስመሩም በዚያው ልክ ይሰፋል። አምስት ክረምት የለፋሁት ይህን "በዚያው ልክ" የሚባለውን ነገር በቁጥር ለመናገር ነው። ግፊቱ በአንድ ሲጨምር መስመሩ በስንት ይሰፋል? ሌላ ጥያቄ የለኝም።

መሣሪያው በአገሩ ላይ እንደልብ የሚገኝ አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችን ካዛንቺስ ከሚገኝ አንድ የግል መፈተሻ ቤት ቀን ይከራያል። የተመለሰብኝንም ልኬት የሠራሁት እዚያው ሄጄ ነበር፤ ለድጋሚው ሦስት ቀን ተሰጠኝ።

ሰኞ

ከአርባ ምንጭ መናኸሪያ የወጣነው ንጋት ላይ ነው። ወንበሬን ለሁለት ሰው ሸጠውት ስለነበር ጉዞው በጭቅጭቅ ተጀመረ። እኔ ትኬቴን አውጥቼ ቁጥሩን አሳየሁ፤ ሰውየውም ትኬቱን አውጥቶ ያንኑ ቁጥር አሳየኝ። ረዳቱ ሁለቱንም አየና "እንግዲህ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ" ብሎን ሄደ። እስከ ሶዶ ሦስት ሆነን በሁለት ወንበር ተቀመጥን።

የጋዝ መያዣዬን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ክንድ የሚያህል የብረት ቱቦ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ወፍራም መስታወት፣ ጎኑ ላይ የግፊት መለኪያ አለው። ኬላ ላይ ፖሊሱ ፎጣውን ገለጠና ፊቱ ተለወጠ።

"ማዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የጋዝ መያዣ ነው።"

"የምን ጋዝ?"

"አሁን ባዶ ነው።"

"ባዶ ከሆነ ለምን አቅፈሽው ትሄጃለሽ?"

ከኋላ አንዲት ሴት "በስመ አብ! ከፈንጂ ጋር ነው እንዴ የተሳፈርነው?" ብላ ጮኸች። ሁላችንንም አወረዱን። የኮሌጁን ደብዳቤ አወጣሁ፤ ፖሊሱ አነበበው፤ "ራማን" የሚለው ቃል ላይ ደርሶ ቀና ብሎ አየኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከተሳፋሪው መሀል አንድ ሽማግሌ "ኧረ ተዋት፣ አስተማሪ ናት፤ ፊቷ ያስታውቃል" ሲሉት ለቀቀን። ፊቴ ምን እንደሚመስል ባላውቅም አመሰግናለሁ።

ቡታጅራ ምሳ በላን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየወጣ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ከአርባ ምንጭ የያዝኩት የታሸገ ብስኩት ላስቲኩ ተነፍቶ ፊኛ መሰለ። አዲስ አበባ ስንገባ ሊመሽ ነበር።

ካዛንቺስ ውስጥ በስልክ ክፍል ይዤ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ሻንጣዬን አየች፣ ነጠላዬን አየች፣ "እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚፈልጉት?" አለችኝ።

"እስከ ዓርብ።"

ሳቀች። ሳቋ ከገባኝ በኋላ ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ በሰዓት የሚከራይ ቤት የሚያሳፍር ስም አለው፤ እዚህ ግን በትልቁ "ፔንሲዮን" ብለው መብራት ሰቅለውበታል።

ኮሌጃችን መዝገብ ቤት የሚሠራው የከድር ታላቅ እህት እትዬ ሙንተሃ ላንቻ ይኖራሉ፤ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ከድር "ቢቸግርሽ ደውዪ" ብሎ ቁጥራቸውን ሰጥቶኝ ነበር። ደወልኩ። "የት ነሽ? ከቆምሽበት እንዳትነቃነቂ!" አሉኝና በታክሲ ራሳቸው መጥተው ወሰዱኝ። ሲያዩኝ መጀመሪያ ያሉት ነገር "አርባ ምንጭ ዘንድሮ ማንጎው እንዴት ነው?" ነው። ሙሽራ ሆነው እኛ ከተማ ጥቂት ዓመት ኖረዋል።

እራት ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበ። "ሥጋ አልሠራሁም" አሉኝ፤ "የእኔን ሥጋ አንቺ አትበዪ፣ የአንቺን እኔ። ምን አደከመን፣ በአንድ ሰሃን እንብላ።" አገሬ ውስጥም እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ብዙ ግን አይደለም።

ማክሰኞ

ላንቻ ላይ ለባቡሩ ሐዲድ ተብሎ መንገዱ ተቆፍሯል። ታክሲ ለመያዝ በአንድ በኩል ጉድጓድ፣ በሌላ በኩል የአፈር ክምር፣ መሀል ላይ እኛ። እኛ ከተማ ባጃጁ ቆሞ ሰው ይጠብቃል፤ እዚህ ሰው ታክሲውን ይጋፈጣል። ወያላው "ማዘር፣ ጠጋ በይ፣ ትንሽ ጠጋ!" እያለ ጠጋ የምልበት በሌለበት ያስጠጋኛል። በክርን ተመታሁ፣ በከረጢት ተመታሁ፤ መያዣዬን አቅፌ መስቀል አደባባይን ዞረን ካዛንቺስ ደረስን።

ፎቁ በር ላይ ፍተሻ አለ። የኬላው ጭቅጭቅ ከነምልልሱ ተደገመ፤ ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስገባም ስወጣም ለሦስት ቀን እንደተናገርኩት አስቡልኝ። በመጨረሻው ቀን ስወጣ "ምንድን ነው?" ሲሉኝ "የቡና ዕቃ ነው" ብዬ አለፍኩ። ውሸት የምጠላ ሰው ነኝ፤ ግን እውነቱ አላሳለፈኝም።

አሳንሰሩ አይሠራም። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ልቤ ይመታል። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ሳሙኤል ይባላል፤ ሁሉም ሳሚ ይሉታል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ጨዋ፣ ፈጣን ልጅ ነው። መያዣዬን ተቀበለኝና "ኧረ ቲቸር፣ ይሄን ተሸክመው ነው አራት ፎቅ የወጡት? ቢደውሉልኝ አልወርድም ነበር?" አለኝ።

ሌዘሩ ሞቆ እስኪረጋ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ሞቀ። መሣሪያው ራሱ በመስመሩ ላይ የሚጨምረውን ስፋት ለማወቅ መጀመሪያ የኒዮን አምፖል ለካን። ናይትሮጅኑን ከትልቁ ሲሊንደር ወደ መያዣዬ ልሞላ ቧንቧውን እያሰርኩ ሳለሁ መብራት ሄደ።

"ጄኔሬተር አለ አይደል?"

"አለ፣ ለአሳንሰሩ ነው።"

"አሳንሰሩ አይሠራም እኮ።"

"አዎ" አለ ሳሚ፣ "ግን የተመደበው ለእሱ ነው።"

ከምሳ በኋላ መጣ፤ ሌዘሩ እስኪሞቅ አንድ ሰዓት፤ ሊሞቅ ሲል እንደገና ሄደ። ከሦስቱ ቀኔ አንዱ እንዲህ አለቀ። አርባ ምንጭም መብራት ይሄዳል፤ እኛ ዘንድ ግን ሲሄድ የሚናደድ ሰው አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ የተናደድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ረቡዕ

መብራቱ ዋለ። በባዶ ጀምሬ ናይትሮጅኑን ቀስ በቀስ እየሞላሁ፣ በየደረጃው ቆሜ ግፊቱን ጻፍኩ፤ ሳሚ መስመሮቹን ቀረጸ። የመያዣዬ መለኪያ ከፍጹም ባዶ የሚቆጥር ዓይነት ነው፤ የውጭው አየር ቢከብድም ቢቀልም እሱን አይመለከተውም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሥራው ያምር ነበር፤ ይህን አልክድም። ግፊቱ ዝቅ ያለ ጊዜ መስመሮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ነጠል ነጠል ብለው ቆሙ፤ በጨመርኩ ቁጥር ከሥራቸው እየወፈሩ እርስ በርሳቸው ተጠጉ። በዓይን የማይታይ ነገር ሲጋጭ በዓይን አየሁ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ የደስታ ጉዞ ይሆን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳሚ ቁጥሮቹን ኮምፒዩተሩ ላይ ወዳለው የሒሳብ ሠንጠረዥ አስገባ። በመጀመሪያው ጉዞዬ የሰጡኝ የታተመ ወረቀት ነበር፤ ግፊትና ስፋት፣ ሁለት ዓምድ ብቻ። ጥሬ ቁጥሩን ስጠይቅ "ለተማሪ አይሰጥም" ተብዬ ነበር። አሁን ግን ከሳሚ ኋላ ቆሜ ሠንጠረዡን በሙሉ አየሁት። አምስት ዓምድ ነው። ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ሲሻገር ሁሉም ቁጥር ያድጋል።

"ሳሚ፣ ይህ የመጨረሻው ከየት መጣ?"

"የቱ? እሱማ ፋክተሩ ነው ቲቸር።"

"የምን ፋክተር?"

"ማለቴ፣ የማሽኑ። አንድ ነጥብ ሦስት አንድ። ማሽኑ ትንሽ ያሳንሳል፤ እሱን ለማካካስ ነው።"

"ያሳንሳል ያለው ማነው?"

"ሲለካ ያሳንሳላ! እዚህ ክፍል ያለውን አየር ስንለካው መጽሐፉ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ሁሌም። ከእኔ በፊት የነበሩት ልጆች በአንድ ነጥብ ሦስት አንድ ሲያባዙት ልክ መጣላቸው። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው።"

"መጽሐፉ በስንት ግፊት ላይ ነው የሚናገረው?"

"በአንድ አትሞስፌር።"

"እዚህ ክፍል ውስጥስ ስንት ነው?"

"አንድ ነዋ! ክፍት አየር እኮ ነው ቲቸር።"

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

ወዳጆቼ፣ አንድ አትሞስፌር ማለት የባሕር ዳርቻ ሰዎች አየር ማለት ነው። መጽሐፉን የጻፉት እነሱ ናቸው። እኛ አርባ ምንጭ ላይ ያለን ከዚያ ያንሳል፤ ይህን በየዓመቱ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ በባሮሜትር አሳያለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ ተራራ ላይ ነች፤ ያላት የእነሱን ሦስት አራተኛ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞለኪሎቹ ይራራቃሉ፣ ግጭቱ በሩብ ይቀንሳል፣ መስመሩም በሩብ ይቀጥናል። መሣሪያው አላሳነሰም። እዚያ ክፍል ውስጥ እውነት የሚናገረው እሱ ብቻ ነበር። እነሱ ግን የቆሙበትን ከተማ ረስተው መሣሪያውን ውሸታም አደረጉት፤ ከዚያም የከተማውን ከፍታ "የማሽን ጉድለት" ብለው በቁጥር ሰይመው የማንንም ሥራ አባዙበት። የክፍሉን አየር ሲያባዙ ልክ ይመጣላቸዋል። የእኔን ናይትሮጅን፣ ግፊቱ ከባዶ የተቆጠረውን፣ ሲያባዙት ግን በሲሶ ገደማ ያሳብጡታል። ፈታኙ ያየው ይህንን እብጠት ነው። ጥንቃቄ የጎደላት እኔ ተባልኩ።

አራተኛውን ዓምድ በወረቀት ላይ በእጄ ገልብጬ አሰላሁት። ከመጽሐፉ ጋር ልክ ገጠመ።

"በዚህ ሠንጠረዥ ስንት ሰው ሠርቷል?" አልኩት።

"ሁሉም።" ወደ ስክሪኑ እያየ፣ "እኔም ማስተርሴን የሠራሁት በዚሁ ነው" አለ።

ማታ እትዬ ሙንተሃ ጾሜን አስታውሰው በሌላ ድስት ቅቤ ያልነካው ሽሮ ሠርተው ጠበቁኝ። ለምን ፊቴ እንደጠቆረ ሲጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሌዘሩንም፣ ተራራውንም፣ አንድ ነጥብ ሦስት አንዱንም። አዳምጠው ሲጨርሱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"እንዴ! ይህንን እኮ ድስቱም ያውቀዋል። አርባ ምንጭ እያለሁ ባቄላ ጥጄ ጎረቤት ደርሼ ስመጣ በስሎ ይጠብቀኝ ነበር። እዚህ ከሰሉ ያልቃል እንጂ ባቄላው አይበስልም። መጀመሪያ ባቄላውን ተጠራጠርኩ፣ ከዚያ ድስቱን ለወጥኩ። ባለቤቴ ነው 'አገሩ ነው እንጂ ድስቱ ምን አደረገ' ያለኝ። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው አይበላም?"

ከንዴቴ መሀል አሳቁኝ።

ሐሙስ

የቤተ ሙከራውን ኃላፊ ለማግኘት እስከ ረፋድ ጠበቅሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ዶክተሩ ልበላቸው። በዕድሜ ከእኔ በአሥር ዓመት ግድም ያንሳሉ። እኔ እርስዎ እላለሁ፣ እሳቸው አንቺ ይሉኛል። ሳሚም በአንድ ጥግ ቆሟል። ወረቀቴን ዘርግቼ ቀስ ብዬ አስረዳሁ። ቀስ ብዬ መናገር እችላለሁ፤ ሥራዬ ነው።

"ፋክተሩ የተረጋገጠ ነው" አሉ።

"በምን?"

"በረጅም ጊዜ ልምድ።"

"ባሮሜትር አላችሁ?"

"ለምን ያስፈልገናል? የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት አደረግሽን እንዴ?"

ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋሁት። እንደገና አዩት። በዚህ ጊዜ በእርግጥ አነበቡት፤ ዓይናቸው በየትኛው መስመር ላይ እንደቆመ አይቻለሁ። ተነሥተው በሩን ዘጉ።

"ስሚኝ። ገብቶኛል። ሞኝ አይደለሁም። ግን በዚህ የተመረቁ ልጆች አሉ፣ ወረቀት የሰጠናቸው ደንበኞች አሉ። ይህ በሩን አልፎ ከወጣ ስንት ሰው እንደሚነካ አስበሻል? አንቺ የሚያስፈልግሽ ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ጥሬውን እሰጥሻለሁ። በማህተም። ወስደሽ ተመረቂ።"

ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አወጡ፤ የድጋሚ ልኬት ማረጋገጫ ይላል። ያለ እሱ ዩኒቨርሲቲው ቁጥሩን አይቀበልም። ከታች "የድጋሚ ልኬቱ ምክንያት" የሚል አለና ሁለት ሳጥን ተስሏል። አንዱ "የመሣሪያ ብልሽት"፣ ሁለተኛው "የተጠቃሚ ስህተት"።

"ሦስተኛ ሳጥን የለም?" አልኩ።

"ሦስተኛ ምን?"

"የቤተ ሙከራው ስህተት የሚል።"

"አታድርቂኝ እባክሽ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር ብለሽ ሙይ።"

"አልተበላሸም። እሱ ነው ልክ የነበረው።"

"እንግዲያው ሁለተኛው ላይ ራይት አድርጊ። ማን ያየዋል?"

ወደ ሳሚ ዞርኩ። "ሳሚ፣ ትናንት የነገርከኝን ንገራቸው።" ሳሚ ጫማውን ያያል።

ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ከአምስት ክረምት በላይ አይፈቅድም። በአሥራ አራት ዓመቱ ትምህርት የጀመረ ሰው የሚቀረውን ጊዜ በደንብ ያውቃል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ይቅር እንድትሉኝ አይደለም፤ በጭንቅላቴ ያለፈው ይህ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ሳጥን ላይ ራይት አደረግሁ። ስሜን ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ዶክተሩ ማህተሙን መቱና "ጎበዝ" አሉኝ።

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ በአሥራ አራት ዓመቴ አንደኛ ክፍል ስገባ "እማማ" እያሉ የጠሩኝ ልጆችም ነበሩ። እንደዚያ "ጎበዝ" ግን ያቆሰለኝ የለም።

ሳሚ መያዣዬን ተሸክሞ ደረጃውን አብሮኝ ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ።

"ቲቸር፣ የእኔን ትናንት በአንድ ነጥብ ሦስት አንድ አካፈልኩት።"

"እሺ?"

"ልክ መጣ።"

"እሺ?"

"በቃ... ፋይሉን ዘጋሁት።"

"አሁን እላይ ስጠይቅህስ?"

"ዘንድሮ ነው ያገባሁት ቲቸር" አለ። "የምንኖርበት ቤትም የዶክተሩ ነው፣ ሥራውም የሳቸው ነው። ምን ልበል?"

ልቆጣው ነበር፤ ግን በፊርማዬ ላይ ያለው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። መያዣዬን ተቀበልኩትና ብቻዬን ወረድኩ።

ዓርብ

እትዬ ሙንተሃ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ቋጥረውልኛል፤ ዳቦ፣ የጾም ሳምቡሳ፣ ለከድርም አንድ ሸሚዝ። "ማህተሙን አገኘሽ አይደል? ታዲያ ምን ያስከፋሻል?" አሉኝ። ስለ ሳጥኖቹ አልነገርኳቸውም ነበር። አሁንም አልነገርኳቸውም። በሩ ላይ ሆነው ታክሲው እስኪዞር እጃቸውን ሲያወዛውዙ አየሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ወንበሬ የእኔ ብቻ ነበር። ከቡታጅራ በታች አየሩ ሞቀ፤ ከሶዶ በኋላ ሐይቁ በሩቁ ታየ። ሌላ ጊዜ ያ ሐይቅ ሲታየኝ ትከሻዬ ይፈታል። በዚያን ቀን ግን ከዶክተሩ ጋር በልቤ ስከራከር ነበርኩ፤ በልቤም ውስጥ በየጊዜው እሳቸው ይረቱኛል። በኬላው ላይ ፖሊሱ ፎጣውን ገልጦ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲለኝ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። አብረውኝ የነበሩት መንገደኞች ዘወር ብለው አይተውኛል።

ከተመለስኩ በኋላ

ጽሑፌ አለፈ። ፈታኙ በዚህ ጊዜ በሰማያዊ ነው የጻፈው፦ "ተማሪዋ ስህተቷን በቅንነት አምና አርማለች።" እናንተ ደግሞ ክበቡ ውስጥ ሻይና ዳቦ አዘጋጃችሁልኝ፤ አጨበጨባችሁልኝ። ዳቦው አልወርድ ብሎኝ ነበር፤ "ደስታ ነው" አላችሁ።

እዚያው ሻይ ላይ ነው፣ ከፊዚክስ ክፍላችን ሁለት ልጆች በሚቀጥለው ክረምት ለልኬት ወደ ካዛንቺስ እንደሚሄዱ የሰማሁት። ሁለቱም የእኔ ተማሪዎች ነበሩ። ባሮሜትር ማንበብ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የሚሰጣቸው ወረቀት ሁለት ዓምድ ብቻ ይኖረዋል፤ ውጤታቸው በሲሶ ያብጣል፤ ፈታኙም የእኔን ስም ምሳሌ አድርጎ "እሷ እንኳ ስህተቷን አምናለች" ይላቸዋል። ያን ቀን ማታ ይህን አስቤ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ለፈታኙ ደብዳቤ ጻፍኩ። ረጅም አይደለም። ከመጀመሪያው ጉዞ የተሰጠኝን ሁለት ዓምድና አሁን በእጄ የገለበጥኩትን አራተኛውን ጎን ለጎን አደረግሁ፤ የአርባ ምንጭንና የአዲስ አበባን የአየር ግፊት ከመማሪያ መጽሐፍ ጨመርኩ፤ ማንም ሰው በአንድ ባሮሜትር ሊያረጋግጠው እንደሚችል ጻፍኩ። ከሥሩ እንዲህ አልኩ፦ "በማረጋገጫ ቅጹ ላይ 'የተጠቃሚ ስህተት' በሚለው ሳጥን ያደረግሁት ምልክት ሐሰት ነው። ሳደርገው ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ምልክቱ እንዲነሣ እጠይቃለሁ።" የሳሚን ስም አልጠራሁም። እሱ የሚለውን እሱ ይበል።

ለአማካሪዬ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት በስልክ አነበብኩለት። "ብርቄ፣ አብደሻል? በሐሰት ማስረጃ ተመርቄያለሁ እያልሽ ነው እኮ። ዲግሪውን ሊነጥቁሽ ይችላሉ" አለኝ። ሊነጥቁኝ ይችላሉ። ደንቡን አንብቤዋለሁ፤ አንቀጹንም ነግሬዋለሁ።

ደብዳቤውን በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። ግልባጩን ለዶክተሩም ልኬያለሁ፤ ጎበዝ የሚሉኝ እንደሆነ ይበሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ የምትለጥፉ ልጆች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ባለፈው ለሻይ ግብዣው በለጠፋችሁት ማስታወቂያ ከስሜ ጎን የዲግሪውን ማዕረግ ጨምራችሁ ነበር። በዚህኛው ላይ እንዳትጨምሩ። ከዩኒቨርሲቲው መልስ ገና አልመጣም።